ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ፦ በዲላና በጌዴኦ ሕመምተኛ ለሕመምተኛ ምን ሊሆነው ይችላል?

ስኳር ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር የሚገናኘው በወር፣ በሁለት ወር ወይም በሦስት ወር አንዴ ነው። ሲገናኝም ለደቂቃዎች ነው። ካርድ ይወጣል፣ ስኳርና ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ሁሉ የሚወጣው ራሱ ነው። ከቆጮው ምን ያህል ልብላ፣ ዛሬ ቡና ለቀማ ስለምውል መርፌውን ልቀንሰው ወይ፣ እግሬ ላይ የወጣችው ቁስል ታሳስባለች ወይ፣ ሠርግ ተጠርቼ የቀረበልኝን ብመልስ ጠሪዬ ይቀየመኝ ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሡት ቤት ውስጥ፣ ጓሮ ውስጥ፣ ጎረቤት ዘንድ ነው። በዚያ ሰዓት ሐኪም የለም። ያንኑ በሽታ ይዞ አሥር ዓመት የኖረ ጎረቤት ግን ሊኖር ይችላል።

የጤና ባለሙያዎች የአቻ ለአቻ ድጋፍ የሚሉት ይህንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ጄኔቫ ላይ በስኳር ሕሙማን የእርስ በርስ ድጋፍ ላይ ብቻ ያተኮረ ምክክር አካሂዷል፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ አገሮች ሙከራ ተደርጎበታል። በዚህ ዳሰሳ ላሳይ የምፈልገው ግን ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን ነው። በኢትዮጵያ ሕመምተኞች ተሰባስበው የብዙዎችን ሕይወት የለወጡባቸው ቢያንስ ሦስት በሽታዎች አሉ። ከእነርሱ የተገኘው ልምድ ወደ ስኳርና ወደ ግፊት ክትትል ክፍሎች እምብዛም አለመሻገሩ ያሳዝነኛል። ጌዴኦን የመሰለ ቦታ ደግሞ ይህን ልምድ ለመቀበል ከሌላው በተሻለ የተዘጋጀ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ትገኛለች። የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ናት፤ ዞኑም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከወናጎ፣ ከይርጋ ጨፌ፣ ከኮቸሬ፣ ከገደብና ከቡሌ፣ አልፎም ከአጎራባች የጉጂና የሲዳማ ቀበሌዎች የሚመጣውን ሕመምተኛ ያስተናግዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ840 ሺህ በላይ ነበር። መሬቱ ግን ጠባብ ነው፤ በአገሪቱ ገጠሮች ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ጌዴኦ ነው። ያን ያህል ሕዝብ የሚኖረው እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፍን በአንድ ጓሮ አዋህዶ በሚያለማበት የቆየ ጥበቡ ነው። ይህም ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህ መጠጋጋት ለተነሣንበት ጉዳይ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ ስኳር ያለበት ሰው ሌላውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ተዳፋት ላይ፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ይኖራሉ። በሌላ በኩል፣ ምስጢር አይደበቅም። ማን ክሊኒክ እንደሚመላለስ፣ የማን ልጅ መርፌ እንደሚወጋ ሁሉም ያውቃል። ድጋፍ ለማደራጀት የሚያስብ ሰው ሁለቱንም አብሮ ማሰብ አለበት።

የችግሩን ስፋት በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ 6 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር ነበራቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ስኳር አለባቸው። በአፍሪካ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም፤ ይህ ከሁሉም የዓለም ክፍሎች ከፍተኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ሟቾች አራት ያህሉ የሚሞቱት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው።

አንድ ነገር ግን ቆም ብሎ ማየት ያሻል። ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው እምነት ገና አልጠፋም። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት የተሠራው ሥራ ሌላ መልክ አሳይቷል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሆችና ወጣት ወንዶች መሆናቸውን አመልክተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት አለ የሚለው የቆየ ክርክር እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2025፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ይህን በሽታ ዓይነት 5 በሚል ለብቻው እውቅና ሰጠው። አንድ ከሲታ ወጣት ገበሬ "ስኳር አለብኝ" ቢል ጎረቤቱ ማመን ይከብደዋል፤ አንዳንዴ ሌላ በሽታ ደብቆ ነው ብለው ያሙታል። እንዲህ ላለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እርሱን የሚመስል፣ እርሱም መርፌ እየተወጋ እርሻውን የሚያርስ ሌላ ሰው ማየት ነው። ፖስተር ላይ ያለው ወፍራም የከተማ ሰው አይመስለውም።

በአገራችን የታየው

ኤች አይ ቪ ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ መድኃኒቱ ለሕዝብ ባልደረሰበት ጊዜ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን አቋቋሙ። ፊታቸውን ለአደባባይ የሰጡ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር፤ ከቤት ተባረዋል፣ ሥራ አጥተዋል። በዚያ ዘመን ማኅበራቱ ማድረግ የሚችሉት ማስታመም፣ ማጽናናትና መቅበር ነበር። መድኃኒቱ በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ሲጀምር የማኅበርተኞቹ ሚና ተለወጠ። በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር ተሰጣቸው። አዲስ ለተመረመረው "እኔም አለብኝ፤ ይኸው ስንት ዓመቴ ነው" የሚሉት እነርሱ ሆኑ፤ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉትም እነርሱ። በእናቶች ድጋፍ ቡድን ውስጥ ቫይረሱ ያለባት እናት፣ ነፍሰ ጡሯን ጤነኛ ልጅ እስክታቅፍ ድረስ ትከተላታለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መድኃኒቱ በሌለበት የጓደኛ ምክር ሐዘንን ከማቅለል አላለፈም። መድኃኒቱ መጥቶ የጓደኛ ምክር ባይኖር ኖሮ ደግሞ ብዙ ሰው ጀምሮ ይተወው ነበር። ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ሰው መኖር ጀመረ። ስለዚህ በዲላ የስኳር ሕሙማን ቡድን ይቋቋም የሚል ሰው ኢንሱሊኑም፣ ክኒኑም፣ የስኳር መለኪያውም አብሮ እንዲኖር መጠየቅ አለበት። ኢንሱሊን ላጣ ሰው የሚሰጥ ምክር የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙም አይነገርለትም፤ ለስኳር ሕሙማን ግን ከሁሉም የቀረበ ነው። ሥጋ ደዌ የእግርንና የእጅን ስሜት ያጠፋል። እግሩ የደነዘዘ ሰው እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው፣ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያየው ከመረቀዘ በኋላ ነው። የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995 ራስን የመንከባከብ ቡድኖችን ማደራጀት ጀመረ። አንዱ ምክንያት ቁስላቸውን ለማስጠገን ወደ ጤና ተቋም የሚመላለሱትና የቁስል መጠቅለያ የሚፈልጉት ሰዎች እየበዙ መሄዳቸው ነበር። በቡድኑ ውስጥ ሰዎቹ በየጊዜው እየተገናኙ አንዱ የሌላውን እግር ያያል፤ ይታጠባሉ፣ የደረቀውን ቆዳ ያለሰልሳሉ፣ ጫማቸውን ይፈትሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቡድኖቹ 72 ደርሰው ነበር። ቁስል ከመቀነሱም በላይ ሰዎቹ ለራሳቸው ያላቸው ክብር እንደጨመረ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ መሳተፋቸውም እንደበረታ ሥራውን ያዩት ባለሙያዎች ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቆይ በእግር ላይ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው። ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ የደም ዝውውርም ይደክማል። በጌዴኦ ተዳፋት ላይ፣ በዝናብ በራሰ ቀይ አፈር፣ ባዶ እግሩን ወይም በላስቲክ ጫማ የሚሠራ ገበሬ እግሩ ቢደነዝዝ አደጋው ከከተማው ሰው ይበልጣል። የመከላከያው ትምህርት ደግሞ ቀላል ነው፦ ማታ ማታ እግርን ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፤ የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን መለካት ወይም ቤተሰብን ማስለካት፤ በጣቶች መካከል ጭምር ማድረቅ፤ የማያዩትን ውስጥ እግር ሌላ ሰው እንዲያይ ማድረግ፤ ጫማ ከመጫማት በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ። ይህን በክትትል ክፍል አንድ ጊዜ መስማትና በየሳምንቱ ከጓደኛ ጋር መሥራት አንድ አይደለም። የራስን ውስጥ እግር ለማየት የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልጋል፤ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ያን ዓይን ከየት ያመጣል?

ሦስተኛው ከጌዴኦ ብዙም ሳይርቅ ወላይታ ውስጥ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ በመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ባለሙያዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ በደጋማና ዝናባማ የኢትዮጵያ ክፍሎች ብዙ ሰው ያጠቃል። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶዶ የሚሠራው የሞሲ ፉት ማኅበር፣ ራሳቸው ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ በየአካባቢው ሌሎችን እንዲያክሙ አድርጓል፤ አንዳንዶቹንም ጫማ መሥራት አስተምሯቸዋል። ሕክምናው ዕለታዊ እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ይህ ቀላል እንክብካቤ የእግሩን ሕመምና ትኩሳት የሚያስከትለውን ድንገተኛ መቆጣት በግልጽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዚያ በሽታ እግርን በውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት የሕክምናው አካል ነው፤ ለደነዘዘ የስኳር እግር ግን ረጅም መዘፍዘፍና ሙቅ ውኃ ይጎዳል። አንዱን ልምድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰው ይህን ልዩነት የሚያውቅ ነርስ አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ሌሎች አገሮች ያገኙት

በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ሞፖትስዮ የተባለ ድርጅት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አሠልጥኖ የየመንደራቸው አስተማሪ አደረጋቸው። የሚያስተምሩት በራሳቸው ቤት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ በተዘዋዋሪ ገንዘብ በርካሽ ይቀርባል። በካሜሩን ያውንዴ በ192 ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የአቻ ድጋፍ ያገኙት ሰዎች የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳራቸው በስድስት ወር ውስጥ በ3 የመቶኛ ነጥብ ሲወርድ የሌሎቹ የወረደው በ1.3 ብቻ ነበር። ናይሮቢ ኪቤራ ውስጥ ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ኤች አይ ቪ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸውን የተረጋጉ ሕሙማን በአንድ ክበብ ሰብስቦ መድኃኒታቸውን በኅብረት እንዲወስዱ አድርጓል።

ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ያማረ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ በ395 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት በስኳርም፣ በግፊትም፣ በኮሌስትሮልም ምንም የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ከተጋበዙት መካከል አንድም ስብሰባ ላይ ያልተገኙ ነበሩ። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኔ የማነበው እንዲህ ነው። አየርላንዳዊው ታማሚ የራሱ የቤተሰብ ሐኪም፣ በቤቱ መለኪያ፣ የማይቋረጥ መድኃኒት ነበረው፤ ጓደኛው የሚሞላለት ክፍተት ጠባብ ነው። ብዙ በጎደለበት ቦታ ግን አንድ የተማረ ጎረቤት ብዙ ይሞላል። የጌዴኦ ገጠር ለያውንዴ እንጂ ለአየርላንድ አይቀርብም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚስበው የምዕራብ ኬንያው ሙከራ ነው። አምፓዝ የተባለው የጤና ጥምረት ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸውን 2,890 ሰዎች ይዞ፣ የቡድን የሕክምና ክትትልን ከቡድን ቁጠባና ብድር ጋር አጣመረ። ሰዎቹ ለቁጠባው ሲመጡ ግፊታቸው ይለካል፣ መድኃኒታቸውም ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት ሁለቱን ያጣመሩት ሰዎች የላይኛው ግፊት በ16 ነጥብ ግድም ወርዷል፤ በተለመደው አሠራር የቀጠሉት ደግሞ በ11 ነጥብ ግድም። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም፤ አዘጋጆቹም ይህንኑ በግልጽ ጽፈዋል። ሐሳቡ ግን ለእኛ ግልጽ ነው፤ ዕቁብ ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

ጌዴኦ ውስጥ ያለው

ዕድርና ዕቁብ በዲላ እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ አሉ። በጌዴኦ ደግሞ የመንደር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ የሚመክሩበት ሶንጎ አለ። የቡና ሰዓት አለ፤ ጎረቤት ሳይጠራ የሚመጣበት። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በሆስፒታሉ የስኳር ክትትል ክፍል ያሉ ሰዎች ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ አጥንተው ጽፈዋል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማንም እንደ ሀብት የማይቆጥረው አንድ ነገር ነው፤ የቀጠሮ ቀን ወረፋ። ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮሪደር፣ ለሰዓታት አብረው ይቀመጣሉ። አንዷ ከቡሌ ደጋ ሌሊት ተነሥታ የመጣች ናት፤ አንዱ የዲላ ነጋዴ ነው። ለምርመራው ሲሉ ምግብ ሳይቀምሱ ስለሚመጡ ይደክማሉ፣ ዝም ይላሉ። ያ ሰዓት ባዶ ይሄዳል። አንድ የሠለጠነ የቆየ ታካሚ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ እያፈራረቀ ቢያሳይ፣ ከገደብ የመጡትን ከገደብ ሰዎች ጋር ቢያስተዋውቅ፣ ቡድን ለመመሥረት ሌላ አዳራሽ አያስፈልግም ነበር።

ቋንቋም አለ። የሆስፒታሉ ምክር ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ከገጠር የመጣች፣ ጌዴኦኛ ብቻ የምትናገር እናት ራሷን ነቅንቃ ትወጣለች፤ ምን እንደተረዳች ማንም አይጠይቃትም። በቋንቋዋ፣ ከምትበላው ቆጮ ተነሥቶ የሚነግራት ሰው ሌላ ነው። ቆጮ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። "ቆጮ ተዪ" ማለት ለጌዴኦ ሴት ምግብ ተዪ እንደማለት ነው። መጠኑን አሳንሶ ከጎመን፣ ከባቄላና ሲገኝም ከአይብ ጋር መብላት፣ መርፌ ተወግቶ ምግብ አለማዘግየት፣ በለቀማ ወቅት ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስ ይዞ መውጣት፣ ላብ ላብ ሲልና እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥራ አቁሞ ወዲያው መቅመስ፤ ይህን ሁሉ የኖረበት ሰው ሲናገረው ይሰማል። ኢንሱሊንን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። በውኃ በራሰ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን ይቀንሳል። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ኬንያ ባለው የዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ በሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ አረጋግጠዋል። ማቀዝቀዣ ስለሌለው ብቻ በየቀኑ ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ወይም ኢንሱሊን ለመጀመር የሚፈራ ሰው ይህን ቢሰማ፣ ነርሱንም ቢያማክር፣ ሸክሙ ይቀልለታል።

አደጋውንም ሳልሸሽግ ልናገር። ሕመምተኛ ሕመምተኛን ሊያሳስተው ይችላል። የሽፈራው ቅጠል እየጠጣሁ መርፌውን ተውኩት የሚል አንድ ሰው አሥር ሰው ይከተለዋል፤ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ደግሞ መርፌ ቢያቆም በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። መድኃኒት መዋዋስም አለ፤ አንዱ ያለቀበትን ሌላው ያካፍለዋል፤ የዓይነቱንና የመጠኑን ልዩነት ሳያውቅ። ስለዚህ ቡድኑን የሚመራው ሰው የሚናገረውና የማይናገረው ተለይቶ መሠልጠን፣ ጥርጣሬ ሲገባውም የሚደውልለት ነርስ ሊኖረው ይገባል።

የእምነት ነገር በተለይ በጌዴኦ በጥንቃቄ መነሣት አለበት። የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ ጸሎት በሕሙማን ሕይወት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ተፈውሻለሁ ብሎ መድኃኒቱን የጣለ ሰውን ከውጭ የመጣ ባለሙያ ቢከራከረው እምነቱን የነካበት ይመስለዋል። በዚያው ጉባኤ የሚዘምር፣ ጸሎት የማያጓድል፣ ጠዋት ጠዋት ግን ኢንሱሊኑን የሚወጋ ወንድም ቢያናግረው ግን ይሰማዋል። የሚጾሙ ኦርቶዶክሶችና ሙስሊሞችም የመድኃኒትና የምግብ ሰዓታቸውን እንዴት እንደሚያስማሙ የሚጠይቁት ቀድሞ ያለፈበትን ሰው ነው፤ ያ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ከሆነ የጾመው፣ መልሱ ይጠቅማል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውም አብረው ተፈናቅለዋል። በመጠለያ ውስጥ ተቅማጥና ኩፍኝ ቀድመው ይታያሉ፤ ኢንሱሊኑ ያለቀበት ሰው ግን ዝም ብሎ ይወድቃል። በየቀበሌው ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚያውቅ፣ ስሙን በደብተር የያዘ የቡድን መሪ ቢኖር የመጀመሪያው የፍለጋ ዝርዝር እርሱ ዘንድ ይገኝ ነበር።

ሁሉንም ሕመም በአንድ ቡድን ማሰባሰብ ይቻላል ወይ? ስኳርና ግፊት ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ አብረው ቢሆኑ ይሻላል። ግፊት ሕመም ስለማይሰማው ክኒኑን የሚተው ሰው፣ በግፊት ምክንያት ግማሽ አካሉ የደከመ ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ብዙ ይማራል። የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ግን ቤተሰብን ይዞ የሚመጣ የራሱን ቡድን ይፈልጋል፤ እዚያ ሸክሙን የሚሸከሙት እናቶችና እህቶች ናቸው፣ መገለሉም ከሌላው ይከፋል።

ማን ይከፍላል?

በጎ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ የሥራ ቀን ማጣት ይመጣል። የኤች አይ ቪው ልምድ እዚህም ያስተምራል፤ ብዙው ክፍያ የመጣው ከውጭ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ርዳታዋን ስታቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አሳወቀ። ሃያ ዓመት የቆመ አሠራር በአንድ ደብዳቤ ተናጋ። በጌዴኦ የሚጀመር ነገር ከመነሻው በአገር ውስጥ ገንዘብ ላይ እንዲቆም የምፈልገው ለዚህ ነው።

አንዱ መንገድ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ይህ መድህን ዛሬ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ይሠራል። ለጌዴኦ ገበሬ ገንዘብ የሚገባው የቡና ፍሬ በሚሸጥበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። መዋጮውን በዚያ ጊዜ መሰብሰብ፣ የሕሙማን ቡድኑም አባላቱን እንዲያስመዘግብና እንዲያሳድስ ኃላፊነት መስጠት፣ ለዚህም ሥራው መጠነኛ ክፍያ መክፈል ይቻላል። መድህኑም ታማሚው በየጊዜው ክትትል ቢያደርግ ሸክሙ ይቀልለታል፤ እግር ተቆርጦ፣ ኩላሊት ደክሞ ከሚመጣ ወጪ ይድናልና። የስኳር መለኪያና ስትሪፕ ለእያንዳንዱ ቤት ማዳረስ ካልተቻለ ደግሞ ለአንድ ቡድን አንድ መለኪያ ይበቃል፤ መውጊያ መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ እስከሆነ፣ መለኪያውም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር እስከተጸዳ ድረስ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእናቶችና በሕጻናት ሥራ ተወጥረዋል፤ ቡድኑ ሸክም ያነሣላቸዋል እንጂ አይጨምርባቸውም።

ልጆቹን ለብቻቸው ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርና ከእርሱ ጋር የሚሠሩ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብሮች፣ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ልጆች ኢንሱሊንና መለኪያ በነጻ እንዲያገኙ ረድተዋል። ድጋፉ የዕድሜ ገደብ አለው፤ ልጁ ገደቡን ሲያልፍ በሽታው አያልፍም። በተለይ ሴት ልጆች ለትዳር እንቅፋት ይሆናል በሚል ፍርሃት ይደብቁታል፤ ትምህርት ቤት መርፌ ላለመውጋት ምግብ ይዘላሉ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ይቀበላል፤ ከእነዚህም መካከል ከልጅነታቸው ጀምሮ መርፌ እየወጉ፣ ፈተና እያለፉ፣ ከቤት ርቀው በዶርም ውስጥ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ወጣቶች መኖራቸው አይቀርም። እንዲህ ያለች አንዲት ተማሪ በወር አንድ ቅዳሜ በክትትል ክፍሉ ተገኝታ የ12 ዓመት ልጅን ከነእናቷ ብታነጋግር፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋርም በሦስት ነገር ብትስማማ ብዙ ይረዳል፦ ልጅቷ በክፍል ውስጥ ከረሜላ መብላት እንዲፈቀድላት፣ መርፌዋን የምትወጋበት የሚዘጋ ክፍል እንዲኖር፣ ላብ ሲያጠምቃትና ስትፈዝ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ቢያንስ አንድ መምህር በትምህርት ቤቱ እንዲገኝ። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው የክትትል ክፍሉ ነርስ ፈቃደኛ ተማሪዎችን መጠየቋና ስማቸውን መመዝገቧ ነው።